ከምድር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በሰሜን አሜሪካ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎች፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶችና የአገልጋዮች ማሰልጠኛ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ታሪክና ትውፊት በትምህርታችን ውስጥ እንዲገባ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ሕንፃ ከመግዛቷ በፊት ስድስት ዓመት ምድር ቤት ተከራይታ ነበር። የላይኛው አዳራሽ የባለቤቶቹ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስት ጉባኤ ነው። እነሱ ጠዋት፣ እኛ ከሰዓት። አንዳንዴ ጉባኤያቸው ይረዝማል። ያኔ እኛ ከታች ወንበር ስንደረድር ጣሪያው ይንቀጠቀጥብናል። እግር ይመታል፣ ኦርጋን ይጮኻል፣ ሰባኪው አንድ ቃል ይጥላል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ይመልስለታል። አንድ ቀን ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው ቁጭ ብለው ቃሉን የሚሰሙት?» አሉ። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

በዚያው ጊዜ እኔ የማሰልጠኛ ተማሪ ነበርኩ። ሦስት ዓመት የማታ ትምህርት። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከሐዋርያት ተነስቶ ኒቂያ ደረሰ። ከዚያ አውግስጢኖስ፣ ሉተር፣ ካልቪን፣ ዌስሊ። ከዚያ ሚሲዮናውያን መርከብ ተሳፍረው ወደ እኛ መጡ። አበቃ። ስለ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ፓስተር ነበር። ከክፍል ወጥቼ ሄጄ በእነሱ ወለል ስር ወንበር እደረድራለሁ። የተማርኩት ትምህርት ጥሩ ነበር፤ አስተማሪዎቼንም አመሰግናለሁ። ግን ከራሴ በላይ አንድ ሜትር ላይ ያለውን ነገር አላስተማሩኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ከአንድ አስቂኝ ነገር ልጀምር። በትምህርታችን ዲትሪክ ቦንሆፈርን ሁለት ሳምንት ተምረናል። ሂትለርን የተቃወመው ጀርመናዊ የነገረ መለኮት ምሁር፣ ስለ ርካሽ ጸጋ የጻፈው። ማንም ያልነገረን ነገር አለ። ቦንሆፈር በ1930 (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኒው ዮርክ ለትምህርት ሲመጣ፣ በነጮቹ አብያተ ክርስቲያናት የሰማው ስብከት አላረካውም። ጥቁሮች ወደሚበዙበት የኒው ዮርክ ሰፈር ወደ ሃርለም ወርዶ በአንድ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መሳተፍ ጀመረ፤ ልጆችንም በሰንበት ትምህርት አስተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስ የመዝሙሮቻቸውን ሸክላ ይዞ ሄደ። በኋላ ናዚዎች ላይ ፊት ሲያዞር፣ ለሚያሰለጥናቸው ወጣት አገልጋዮች ያንኑ ሸክላ ያጫውትላቸው ነበር። ያች ቤተ ክርስቲያን ማን ትባላለች? አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች።

አዎ፣ አቢሲኒያ። የእኛ ስም። በ1808 የተመሠረተችው፣ በኒው ዮርክ የመጀመሪያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ለጥቁሮች ተለይቶ በተሰጠ ቦታ አንቀመጥም ብለው በወጡ ሰዎች ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ትውፊት ከእነሱ ጋር ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ ይላል። ጣሊያን በ1935 ስትወረን ሃርለም አደባባይ ወጥቶ ጮኾልናል፤ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናትም ጸልየዋል፣ ገንዘብ አዋጥተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደው መስቀል አበርክተዋል። ጃንሆይ ሄደዋል፣ ጀርመናዊው ሄዷል። የእኛ ማሰልጠኛ ግን አልሄደም።

«ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን መዝሙር 68፥31ን እኛ ግድግዳ ላይ ሰቅለን የራሳችን የግል ንብረት አድርገነዋል። ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ በባርነት የነበሩ ሰዎች፣ ኢትዮጵያን በካርታ እንኳ አይተው የማያውቁ፣ ይህንኑ ጥቅስ የነፃነታቸው ተስፋ አድርገው ይሰብኩበት ነበር። በስማችን ተስፋ ያደረገ ሕዝብ ጎረቤታችን ሆኖ እያለ፣ እኛ ኪራይ ከመክፈል አላለፍንም።

አሁን ወደ ፊላደልፊያ እንሂድ። ይህ ታሪክ እያንዳንዱ አገልጋያችን ሊያውቀው የሚገባ ይመስለኛልና ትንሽ ልቆይበት።

ሪቻርድ አለን በባርነት ተወለደ። ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ራሱን ገዝቶ ነፃ ወጣ። ሜቶዲስት ሰባኪ ሆነ። በ1787 እሱና ጓደኛው አብሳሎም ጆንስ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። አባላቱ በየወሩ አንድ ሽልንግ ይከፍላሉ። ከዚያ ላይ ለታመመ፣ ለባል የሞተባት ሴት፣ አባት ለሌለው ልጅ ይሰጣል። ምንድን ነው ይሄ? እድር ነው! ስሙ ብቻ ነው የተለየው። በአሜሪካ ከታወቁት የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያኖች ዋነኛዋ ከእድር ተነሳች ማለት ነው። እኛ ደግሞ እዚህ አገር መጥተን መጀመሪያ ያቋቋምነው ምንድን ነው? ሬሳ ወደ አገር ቤት መላኪያ እድር። ይህን በክፍል ውስጥ ብሰማው ኖሮ ወንበሬ ላይ መቀመጥ ያቅተኝ ነበር።

ታሪኩ ይቀጥላል። ነጮች በሚመሯት በቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮቹ ባልተፈቀደላቸው ቦታ ተንበርክከው ሲጸልዩ፣ አስተናጋጆች መጥተው አብሳሎም ጆንስን ከጉልበቱ ሊያነሱት ጎተቱት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ታገሱን አሉ። አልታገሱም። ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ላይ ተነስተው ወጡ። በ1793 ፊላደልፊያን ቢጫ ወባ ፈጃት። ሀብታሙ ከተማውን ጥሎ ሸሸ። አለንና ጆንስ ሰዎቻቸውን አስተባብረው በሽተኛ አስታመሙ፣ ሬሳ ቀበሩ። ሬሳቸውን ከቀበሩላቸው መካከል ያባረሯቸው ሰዎች ወገኖች አሉበት። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ አንድ አሳታሚ «ጥቁሮቹ ከችግሩ አትርፈዋል» ብሎ ጻፈ። እነሱም ዝም አላሉም፤ በ1794 በጽሑፍ መለሱለት። በዚያው ዓመት አለን አሮጌ የአንጥረኛ ቤት ገዝቶ በራሱ መሬት ላይ አቆመና ቤቴል ቤተ ክርስቲያንን ከፈተ። ነጮቹ የሜቶዲስት መሪዎች ሕንፃውንም ምዕመኑንም ለመቆጣጠር ዓመታት ታገሉት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1816 ቤቴል ረታች። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች፤ አለንም የመጀመሪያ ጳጳሷ ሆነ።

(በሕንፃ ምክንያት ፍርድ ቤት መሄድ ለእኛ አብያተ ክርስቲያናት እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እነሱ የሄዱበት ምክንያት የሚያኮራ መሆኑ ነው።)

በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ስንት ትምህርት አለ? የአምልኮ ክብር አለ። የሚያባርርህን ሰው ማስታመም አለ። ስም ሲጠፋ በጨዋነት መመለስ አለ። የንብረት አስተዳደር፣ የሕዝብ ጤና፣ መሪነት አለ። እኛ «የመጋቢነት አገልግሎት» የሚለውን ኮርስ የተማርነው ከተተረጎመ መጽሐፍ ነው። ምሳሌዎቹ ሁሉ መኪና ማቆሚያቸው ሰፊ በሆነ የከተማ ዳር ቤተ ክርስቲያኖች የተወሰዱ ነበሩ። እኛ ግን ምድር ቤት ነን።

ስለ ሴቶች አገልግሎትም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጃሪና ሊ የምትባል ሴት ለመስበክ ተጠርቻለሁ ብላ አለን ዘንድ ሄደች። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን አትፈቅድም አላት። ዓመታት አለፉ። በ1819 ቤቴል ውስጥ አንድ ሰባኪ ከትንቢተ ዮናስ ሲሰብክ መሃል ላይ ቃሉ ጠፋበት። ጃሪና ከመቀመጫዋ ተነስታ ካቆመበት ቀጠለች። ስትጨርስ ከቤተ ክርስቲያን ያባርሩኛል ብላ ፈራች። ጳጳሱ ተነስቶ ጥሪዋ እውነተኛ መሆኑን በሕዝብ ፊት መሰከረላት። ክህነት አልሰጧትም፤ ያ ለብዙ ዘመን የዘለቀ ሌላ ሙግት ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስንት ጃሪናዎች ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ እያጠቡ እንደሆነ ግን እናንተም እኔም እናውቃለን።

አሁን በቀጥታ ወደ እኛ የሚመጣውን ላንሳ። ብዙዎቻችን የጴንጤቆስጤ ልጆች ነን። «የእኛ እሳት ከየት መጣ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሳችን ፊንላንዳውያንና ስዊድናውያን ሚሲዮናውያን ጋ ይቆማል። እነሱስ ከየት አመጡት?

በ1906 ሎስ አንጀለስ ነው። ዊልያም ሲይሞር ነፃ የወጡ ባሮች ልጅ ነው፣ ትውልዱ ሉዊዚያና። በሂውስተን ከተማ የአንድ ነጭ ሰባኪ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገባ። ዘር መለያየት ሕግ በነበረበት አገር ከነጮቹ ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ አይችልም። ከክፍሉ ውጭ ሆኖ፣ በሩ ገርበብ ተደርጎለት ነው የተማረው። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ሄደ። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ጠርታው ስብከቱን ስትሰማ በር ዘጋችበት። በሰው ሳሎን ውስጥ ጸሎት ጀመረ። ሕዝቡ ሲበዛ አዙሳ ጎዳና 312 ቁጥር የሚገኝ አሮጌ ሕንፃ ተከራዩ። ያ ሕንፃ ቀድሞ የማን ነበር? የአለን ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ። በኋላ የፈረስ ጋጣ ሆኖ ነበር። እዚያ ጥቁር፣ ነጭ፣ ሜክሲኳዊ አንድ ወለል ላይ ተንበረከከ።

በዚያው ዓመት ቶማስ ባራት የተባለ የኖርዌይ ሜቶዲስት ፓስተር ለሚሲዮኑ ገንዘብ ሊለምን ኒው ዮርክ ነበር። ገንዘቡ እምብዛም አልተሳካለትም። የአዙሳን ዜና ግን አነበበ፣ እዚያ ካሉት ጋር ተጻጻፈ፣ ጸለየ፣ መንፈስ ቅዱስን ተቀበለ። ኦስሎ ተመልሶ ሰበከ። በ1907 ሌዊ ፔትሩስ የተባለ ፓስተር ከስዊድን ሊያየው ሄደ። በ1911 ባራት ራሱ ፊንላንድ ሄደ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፊንላንዳውያኑ ኢትዮጵያ ደረሱ፤ ስዊድናውያኑ ተከተሉ። አዲስ አበባና ሐዋሳ የተነሳው ወጣት ከዚያ ነው አንዱን ችቦ የለኮሰው። እግዚአብሔር በራሱ መንገድ በየቦታው ይሠራል፤ ሁሉ ነገር ከአንድ ጋጣ ወጣ እያልኩ አይደለም። ግን የዘር ሐረጋችን አንዱ ክር በአንድ ዓይኑ የታወረ፣ በር ላይ ተቀምጦ በተማረ ጥቁር ሰው እጅ ያልፋል። ልጅ አያቱን ካላወቀ ምን ይባላል?

ሌላም የማይዘነጋኝ ነገር አለ። በባርነት ዘመን ጥቁሮቹ ከጌቶቻቸው ተደብቀው ሌሊት ጫካ ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። ድምፃቸው እንዳይሰማ እርጥብ ብርድ ልብስ ዙሪያውን ይሰቅላሉ። ብረት ድስት ደግሞ መሬት ላይ ይደፋሉ፤ ድምፁን ይውጠዋል ብለው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። በደርግ ጊዜ ቤታችን ውስጥ አምስት ስድስት ሆነው ልደት አስመስለው ሲሰበሰቡ፣ በሹክሹክታ ሲዘምሩ። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ አለ፣ የሚቆርሰው የለም። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰው ሲመጣ እንዳስል ታዝዤ ነበር። ስለ ድብቋ ቤተ ክርስቲያን በኩራት የምናወራ ሰዎች፣ የድስቱን ታሪክ ብንማር ምን ያህል በገባን ነበር! ከላይ ያለው ጩኸትም ያን ጊዜ ሌላ ይሆንብኝ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ድስት ውስጥ የተዘመረ መዝሙር ክዳኑ ሲነሳለት ይጮኻል እንጂ ምን ያደርጋል?

ስለ ስብከታቸውም ከተነሳ አይቀር። «ጩኸት ነው» ያልነው ነገር ሥርዓት አለው። ሰባኪው ዝግ ብሎ ይጀምራል። ጥቅሱን ያብራራል፣ ይደጋግማል፣ ሕዝቡን ይጠብቃል። ሕዝቡ «አሜን» ሲል ፍጥነቱን ይቀበላል። ካልመለሱለት ደግሞ ያነሳሳቸዋል። መጨረሻ ላይ ንግግሩ ዜማ ይሆናል፣ ኦርጋኑም ይገባል። ዘፈን አውራጅና ተቀባይ ላለው ሕዝብ ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል እንዴ? ቀረርቶ ያለው፣ ለቅሶ ላይ ሙሾ የሚያወርድ ሕዝብ ነን እኮ! በስብከት ዘዴ ኮርሳችን ግን ሦስት ነጥብ፣ አንድ መግቢያ፣ አንድ መደምደሚያ ተብለን ወጣን። ሰባኪዎቻችን ከዚያ በኋላ ከቴሌቪዥን የቀዱትን ጩኸት ብቻ ጨመሩበት። ጥበቡ ቀርቶ ድምፁ መጣ።

ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አነባበብም እንዲሁ። በ1807 ለንደን ውስጥ በካሪቢያን ላሉ ባሮች ተብሎ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ከብሉይ ኪዳን አብዛኛው ተቆርጦ ወጥቷል። የእስራኤል ከግብፅ መውጣት የለበትም። የቆረጡት ሰዎች መጽሐፉ ምን እንደሚል በደንብ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ባሮቹም ገብቷቸዋል፤ ሳያነቡት ዘመሩት። ሃዋርድ ተርማን የሚባል ታላቅ ሰባኪ ነበረ። አያቱ በባርነት የኖረች ማንበብ የማትችል ሴት ነበረች። መጽሐፍ ቅዱስ እሱ ያነብላታል። የጳውሎስን መልእክቶች ግን አታስነብበውም፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 13 ብቻ ሲቀር። ለምን ብሎ ሲጠይቃት፣ የጌታዋ ሰባኪ ሁልጊዜ «ባሪያዎች ሆይ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ» እያለ ይሰብክላቸው እንደነበር ነገረችው። ነፃ ከወጣሁ ያንን ክፍል አላነብም ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። አያትየዋ ጳውሎስን በትክክል ተረድታ ነበር ወይ? በዚህ ላይ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት መከራከር ይቻላል፤ እኔ ራሴ የምጨምረው አለኝ። ግን የትርጓሜ መርሕ የሚማር ተማሪ ቃሉ በማን አፍ፣ ለማን እንደተነበበ ሳይጠይቅ እንዴት ይመረቃል? እኛም ለባለ ሥልጣን ተገዙ የሚለውን ሮሜ 13ን በየመንግሥቱ ስንሰብከው ኖረናል።

እንግዲህ የሚከብደውን ልናገር። በምድር ቤታችን ውስጥ ስለ ላይኞቹ የሰማሁት ሁሉ ሳቅ ብቻ አልነበረም። «እኛ እንደነሱ ባሪያ ሆነን አናውቅም» የሚል ሰው አለ። ልጁ ከጥቁር አሜሪካዊ ጋር ስትጫጭ ያለቀሰ አባት አለ። «ባሪያ» የሚለውን ቃል ሰው ላይ የሚለጥፍ፣ ዲያቆን የሆነ ሰው አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው። አያቶቻችን ባሪያ ሸጠዋል፣ ገዝተዋል። ከእኛው መካከልም የተሸጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ተቀምጠዋል። ይህን በማሰልጠኛችን ማንም አላነሳውም። የጥቁሮችን ቤተ ክርስቲያን ስናጠና፣ ወደድንም ጠላን ይህ ጥያቄ ይነሳል። ቢነሳ ጥሩ ነው።

ደግሞ እዚህ እንዴት እንደመጣን እናስታውስ። ከ1965 በፊት በአሜሪካ የስደተኛ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ የኮታ ሕግ የተሻረው በ1965 ነው፤ የምርጫ መብት ሕግ በወጣበት ዓመት፣ በዚያው የመብት ትግል ንፋስ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ሰልፍ የወጡት፣ ውሻ የተለቀቀባቸው፣ በርሚንግሃም ውስጥ በ1963 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቦምብ አራት ሴት ልጆቻቸውን ያጡት ሰዎች፣ ለእኛ በር ከከፈቱት መካከል ናቸው።

ግንቦት 2020 መጨረሻ ላይ፣ ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ከተገደለ በኋላ ባለው እሁድ፣ አምልኳችን በዙም ነበር። ስለ ወረርሽኙ ጸለይን። ስለ አገራችን ጸለይን። ስለ እሱ ምንም አልተባለም። ሲያልቅ የአሥራ ስድስት ዓመት የወንድሜ ልጅ «አጎቴ፣ ፓስተር ዜና አያይም እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ፓስተራችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ልቡ የተሰበረ ሰው ነው። ምን እንደሚል አላወቀም፤ ያስተማረው የለም። የወንድሜን ልጅ ፖሊስ ሲያስቆመው አማርኛ መናገሩ አይታይም። ቆዳው ነው የሚታየው። የላይኛው ፎቅ ሰዎች ለዚህ ቀን ቃል አላቸው፣ ጸሎት አላቸው፣ የለቅሶ መዝሙር አላቸው። በቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ በሰኔ 2015 በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ዘጠኝ ሰው ተገድሎባቸው በዚያው ሳምንት እሁድ በሩን ከፍተው አምልከዋል። ይህን የሚያስተምር ከእነሱ የተሻለ መምህር የት ይገኛል?

ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። «ፖለቲካ ነው።» ኪንግ ከበርሚንግሃም እስር ቤት በሚያዝያ 1963 የጻፈው ደብዳቤ መልስ የሚሰጠው ለማን ነበር? ለስምንት የሃይማኖት መሪዎች፤ ጳጳሳት፣ ፓስተሮችና አንድ ራቢ። ክፉ ሰዎች ሊባሉ አይችሉም። ጊዜው አይደለም፣ ሰላማችንን አትንኩ ነው ያሉት። እኛም ያንኑ እያልን ነው። ደግሞ ትውፊቱ አንድ ድምፅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የብሔራዊ ባፕቲስት ኮንቬንሽን ፕሬዚዳንት የኪንግን መንገድ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ በ1961 ኮንቬንሽኑ ለሁለት የተከፈለው አንዱ በዚህ ነው። ጄምስ ኮን የተባለ ምሁር በ1969 ወንጌልን ከጥቁሮች የነፃነት ትግል ጋር የሚያያይዘውን የጥቁር ነገረ መለኮት ሲጽፍ የተቃወሙት ጥቁር ፓስተሮች አሉ። እኔም ከኮን ጋር በብዙ ነገር አልስማማም። ግን አንብቤ ነው ያልተስማማሁት። የብልጽግና ወንጌሉም፣ የፓስተር አምልኮውም እነሱ ዘንድ አለ፣ እንደ እኛው። ይጠና ስል ይምለክ ማለቴ አይደለም።

ደግሞ የራሳችን ሰው አለ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከ1963 እስከ 1966 ሚኒሶታ ውስጥ ነገረ መለኮት ሲማሩ አሜሪካ በዚያ ሁሉ ሰልፍና እሳት ውስጥ ነበረች። ተመልሰው ወንጌል ሥጋንም ነፍስንም ይመለከታል ብለው ሠሩ፤ በ1979 ደርግ ገደላቸው። ስለ ሁለንተናዊ አገልግሎት የምናስተምረው ከእሳቸው ነው አይደል? ታዲያ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አምጥተን ብናነባቸው ምን ይጎድልብናል?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የጥቁሮች ታሪክ ወር በሚባለው በየካቲት ወር አንድ እሁድ የኪንግን ፎቶ እንድንለጥፍ አይደለም፤ እሱን ተዉት። አንድ ሙሉ ኮርስ ይሁን፣ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ፣ እንደ ሉተርና ካልቪን። የሚያስተምረውም ከእነሱ አንዱ ይሁን እንጂ ስለነሱ ያነበበ የእኛ ሰው ብቻ አይሁን። አስተርጓሚ ካስፈለገ ልጆቻችን አሉ፤ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። ተግባራዊ ልምምድ የሚባለውን ሦስት ወር፣ ተማሪው በጥቁሮች ጉባኤ ውስጥ ያሳልፍ። ሆስፒታል አብሮ ይሂድ፣ ቀብር ላይ ይቁም። ቀብራቸውን «ወደ ቤት መሄድ» ነው የሚሉት። ከዚያ ተሰብስበው ይበላሉ፤ ያ እንኳ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መምህርም ሩቅ አይደለም። ዋሽንግተን ውስጥ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አለ። ቤተ መጻሕፍቱ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ይዞ ኖሯል፤ በ2016 አንዱን ጥንታዊ ብራና ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል። ሪችመንድ ውስጥ በቨርጂኒያ ዩኒየን ዩኒቨርሲቲ ሌላ አለ። አትላንታ ላላችሁ፣ ከ1958 ጀምሮ የተለያዩ የጥቁሮች ቤተ እምነቶች በአንድ ግቢ አገልጋይ የሚያሰለጥኑበት ማዕከል ከተማችሁ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን በየሳምንቱ በበራቸው እናልፋለን።

እኔ ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ባለፈው ወር የድሮው ምድር ቤታችን ሄድኩ። አሁን የሌላ አገር ሰዎች ተከራይተውታል። ወደ ላይ ወጣሁና ፓስተሩን አገኘኋቸው። ሽበት ወጥቶላቸዋል። ስሜን አላስታወሱትም፣ የቡናችንን ሽታ ግን አስታወሱ፤ በየእሁዱ ደረጃውን እየወጣ ስብከታቸውን ያስቋርጥባቸው እንደነበር ነገሩኝ። «ስድስት ዓመት ሸተተን፣ አንድ ቀን ጠርታችሁን አታውቁም» አሉኝ እየሳቁ። አፈርኩ። ሐሳቡን ነገርኳቸው። ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ለማስተማር ፈቃደኛ ናቸው። ክፍያ አልጠየቁም፤ መክፈል ግን አለብን። ለመጀመሪያው ክፍል ስምንት ተማሪ ብትልኩ ይበቃል። ቡናውን እኔ አመጣለሁ። ፓርኪንጉ ጠባብ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ኑ፤ የምትገቡትም በላይኛው በር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ተማሪያችሁ